ለሲረል መንገድ ማን ይነግራል

«ውሻውን ግን ለምን ትቶት ሄደ?» አለች ማቪስ፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ። «ያለ ሞስ ከበር ወጥቶ አያውቅም። ፖስታ ለመጣል እንኳ ይዞት ነው የሚሄደው። የዚያን ቀን ግን እኔ ቤት አምጥቶ አሰረና ‹ማታ እወስደዋለሁ› ብሎኝ ወጣ። ዓይኔን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አለች ኦድሪ።

ሮዌና ሰምታለች። እንግዶቹ የበሉባቸውን ሳህኖች በትሪ ተሸክማ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሰው ድርቅ አሉ። የአባቷ ጎረቤት ማቪስ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች፤ አክስቷ ኦድሪም የሻይ ውሃ ጣደች። በዚያ ቤት ወሬ በተቋረጠ ቁጥር የሻይ ውሃ ይጣዳል። ከሐዘኑ ወዲህ የተጣደው ውሃ አንድ ጋጣ በግ ያጠጣል።

አባቷ ሲረል ፈነል ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከቤቱ ወጥቶ በኮረብቶቹ ላይ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዘ። በማግስቱ ከነጩ ገደል ሥር፣ ጠጠሩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ቀብሩ ገና ነው፤ አስከሬኑም መርማሪዎች ዘንድ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰው ከእነሱ ዘንድ መጥቶ የሮዌናን ቃል ይቀበላል። ሰውየው በስልክ ሲያናግራት ትሑት ነበር፤ ሳል ሳል እያለ፣ እየዞረ እየተዟዟረ፣ በመጨረሻ ግን ያው አንዱን ነገር ነው የጠየቃት፦ አባትሽ ሰሞኑን እንዴት ነበር?

«ነገ ምን ልትይው ነው?» አለች ኦድሪ፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች።

«እውነቱን።»

«እውነቱን ታውቂዋለሽ?»

ሮዌና ትሪውን አስቀመጠች። አታውቅም። ያቃጠላትም ይኸው ነው። እናቷ ዶሪን በብርዱ ወራት ማብቂያ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ትደውልለት ነበር፤ እሱም ስለ ነፋስ ያወራታል። ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞረ፣ ነፋሱ በረደ፣ ነገ ነፋስ የለም። ከዚያ «በይ እንግዲህ» ይልና ይዘጋዋል። ስለ ነፋስ ብቻ የሚያወራ ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን በምን ታውቂዋለሽ? እንኳን በስልክ፣ ፊቱ ተቀምጠሽም አይገኝም።

«አዳለጠው በያቸው» አለች ኦድሪ ወደ እሷ ዞራ። ዓይኗ ቀልቷል። «ወንድሜ ነው። ምንም ያድርግ ምን ወንድሜ ነው። አዳለጠው ብለሽ ፈርሚና ይለቅልን።»

«አባቴ? በዚያ አፋፍ ላይ? አክስቴ፣ ማን ያምነኛል?»

የሻይ ውሃው ይንጫጫል። ሲረል የዚያ መንገድ ጠባቂ ነበር፤ የተሾመበት ሳይሆን ወዶ የያዘው ሥራ ነው። ገደሉ በየዓመቱ እየተናደ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የመንገዱን ችካሎች ነቅሎ ወደ ኋላ የሚተክላቸው እሱ ነው። መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከአፋፉ ጫፍ ፎቶ የሚነሱትን ሲያይ ከሩቅ ይጮህባቸዋል፦ «ከሥራችሁ ባዶ ነው! ሣሩ ነው የያዛችሁ! እናንተ የሣር ላይ ሞኞች!» ሮዌና በልጅነቷ በዚህ ጩኸት አፍራ አፈር ብትገባ ትወድ ነበር። እናቷ ግን ሳንድዊቹን ከወረቀቱ እየፈታች «ተይው፣ ሳንባው ይከፈትለት» ትላለች። በየጸደዩ ሦስቱም ያንን ረጅም መንገድ ቆራርጠው ይሄዱታል፤ አንድ ዓመት አንዱን ክፍል፣ በሌላው ዓመት ሌላውን፤ ሁልጊዜ የሚያበቃው ግን ባሕሩ ላይ ነው። እንግዲህ እንደዚያ ሲጮህ የኖረ ሰው ከዚያው ገደል ሥር ተገኘ። መንደሩ ምን ይበል?

ሳሎን ያሉት ሴቶች ኬካቸውን ይቆርሳሉ። ከእሳት ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የማጽናኛ ካርዶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ አበባ አለ፣ በአንዱም ላይ «ገደል» የሚል ቃል የለም።

በዚህ መሐል የኋላው በር ተንኳኳና ክሌም ቲክነር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። የኮረብታው በጎች የእሱ ናቸው። ከሮዌና ጋር አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ያኔ ሹሩባዋን እየጎተተ ያስለቅሳት ነበር። አሁን ከግማሽ በላይ ሸብቷል። ገና እግሩን ሲያስገባ ሞስ ከተኛበት ብድግ አለና ጭራውን ሸጉጦ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

ማቪስ ኦድሪን አየቻት። ኦድሪም አየቻት። ያ ውሻ ሰው ፈርቶ አያውቅም።

«ሮዊ» አለ ክሌም። «ሐዘንሽን... እንግዲህ... እንቁላል አምጥቼ ነበር።»

«አስቀምጠው።»

አስቀመጠ። ግን አልሄደም። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አባቴን መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ ይላሉ» አለች።

«በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

ክሌም ማቪስን አየ፣ ኦድሪን አየ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ውሻ አየ። «ምንም» አለ።

ሮዌና ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። ከበሩ ጀርባ የእናቷን አሮጌ ቦት ጫማ አወጣችና መሬት ቁጭ ብላ ማሰር ጀመረች። ምን እየሠራች እንደ ሆነ ለራሷም የገባት ግማሹን ካሰረች በኋላ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?» ኦድሪ ጮኸች።

«ሄጄ አየዋለሁ። ነገ ያ ሰውዬ ፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ ያላየሁትን ቦታ አላወራም።»

«አብደሻል! ከባሕሩ ጉም እየመጣ ነው፤ ሰማዩን አላየሽም? ቤቱ በሐዘንተኛ ተሞልቶ!»

«ሐዘንተኛው ኬክ አለው።»

«አብሬያት እሄዳለሁ» አለ ክሌም።

«አንተን ማን ለመነህ?» አለች ሮዌና።

«ማንም። ኮረብታው ግን የበጎቼ ነው፤ በነጻ ነው የማሳልፍሽ።»

አልሳቀችም። አትከተለኝ ግን አላለችውም።

ከመንደሩ ሥር ያለውን ወንዝ ይዘው ወረዱ። ውሃው በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፣ እነሱም በዳሩ ይሄዳሉ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። የእንጨት መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ እጁን ዘረጋላት፤ እንዳላየች ሆና ራሷ ተሻገረች። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት ኮረብቶች በተርታ ከፍ ዝቅ እያሉ ነው የሚሄዱት፤ በስተቀኝ በኩል ሁሉም በቢላ እንደ ተቆረጠ ኬክ ናቸው፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ጎናቸው ነጭ፣ ከሥር ባሕር። በመጀመሪያዋ አናት ላይ ትንፋሿ ተቆራረጠና ቆመች። እናት በጎቹ ግልገሎቻቸውን ከኋላቸው አድርገው አፈጠጡባቸው።

«ሞስ ለምን ፈራህ?» አለች ድንገት ዞር ብላ።

ክሌም አንገቱን ደፋ።

«ክሌም ቲክነር፣ አባቴ ሞቷል። መንደሩ ሙሉ ‹ውሻውን ተሰናብቶ ሄደ› እያለ ነው። እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የምታውቀው ነገር ካለ አሁን ትነግረኛለህ፣ አለዚያ ከዚህ ወዲያ አብረኸኝ አትሄድም።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለሲረል።»

«ሲረል የለም!»

ጩኸቷ በጎቹን አስበረገጋቸው። ክሌም እስኪረጋጉ ጠበቀ፤ የእሷን መረጋጋት ግን አልጠበቀም። «ውሻው በጎቼን አባረረ» አለ። «ሲረል ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት። ገመዱን አምልጦት ነው። አንዷ አርግዛ ነበር፤ ሮጣ ሮጣ አስወረዳት። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ በግ ያባረረ ውሻ ይተኮሳል። ጠመንጃዬን ይዤ ወጣሁ፣ አልዋሽሽም፤ አነጣጥሬበት ነበር። ያ ሽማግሌ መጥቶ ውሻው ላይ ተኛበት። እንደ ልጅ አቅፎት ተኛ። ‹ዶሪን ናት ያሳደገችው፣ ሌላ የቀረኝ የለም› አለኝ። ምን ላድርግ? ግልገሎቹ እስኪጠኑ ድረስ ውሻው ኮረብታውን እንዳይረግጥ ተስማማን። አፌን እንድዘጋም ለመነኝ። በግ ያባረረ ውሻ ስሙ ከወጣ፣ ከማዶ ያለው ገበሬ እኔን አማክሮ አይደለም የሚተኩሰው።»

ሰኞ ዕለት አባቷ ውሻውን ማቪስ ቤት ሲያስር ዓይኗን ያላየው አፍሮ ነበር። አፍሮ ብቻ! ይህን ሁሉ ቀን ሻይ በተቀዳ ቁጥር የዚያ ውሻ ነገር እየተነሣ፣ የአባቷ ስም እየጠቆረ፣ ይህ ሰውዬ እንቁላል ይዞ ይመላለሳል።

«ስታያቸው ዝም አልክ» አለች። «እንደዚያ ሲሉ እየሰማህ ዝም አልክ። አንተ... አንተ ድንጋይ!»

«ነኝ» አለ ክሌም። «ውሻውን ካዳንኩለት በቂ መስሎኝ ነበር። ያንን ወሬ ማን ያምነዋል ብዬ። በኋላ ሲገባኝ ደግሞ ማንን ሰብስቤ ልናገር?»

ልትመታው ፈለገች፤ እጇም ተነሥቶ ነበር። በዚያው እጅ ፊቷን ጠረገችና መንገዷን ቀጠለች። ለጥቂት እርምጃ ሸክም ከጫንቃዋ እንደ ወረደላት ተሰማት። ሁለተኛዋ ኮረብታ ላይ ስትደርስ ግን ሸክሙ ተመልሶ መጣ። ውሻው እሺ። ገደሉስ? ጫፉን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው በምን እግሩ ሄዶ ወደቀ? ነገ ሰውየው ስለ ውሻው ከሰማ በኋላ ብዕሩን አስቀምጦ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ለዚህ መልስ የላትም።

ጉሙ ሦስተኛዋ ላይ አገኛቸው። ከባሕሩ ተነሥቶ በአፋፉ ላይ ፈሰሰና ኮረብታውን ዋጠው። መጀመሪያ በጎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የሚቀጥለው ችካል፣ ከዚያ ክሌም ራሱ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ሮዊ! ቁሚ፤ እስኪያልፍ እንቀመጥ!»

«መንገዱን አውቀዋለሁ!» አለችው። እልህ ይዟታል።

በእርግጥም ታውቀዋለች። ያኔ ጥርሷ ገና ያልተለወጠ ልጅ ሳለች እዚሁ ኮረብታ ላይ ጉም ውጧቸው አልቅሳ ነበር። አባቷ ጎንበስ ብሎ «ዓይንሽን ተይው፣ ውሸታም ነው» አላት። «እግርሽን ጠይቂው። ሰው ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ይሰረጉዳል፤ ቦቲሽ ስርጉዱ ውስጥ እስካለ ድረስ ቤትሽ ነሽ። ሣሩ ቁርጭምጭሚትሽን ከነካሽ ወጥተሻል፤ ተመለሺ።» ከዚያ ወዲያ ጉም ጨዋታቸው ሆነ። እናቷ ከኋላ ሆና «ሁለት ፍልፈል ወለድኩ እንዴ!» እያለች ትስቅባቸዋለች፣ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በእግራቸው ይሄዳሉ። ስለ ፍቅር አንድም ቀን አውርቷት አያውቅም፤ ይህን ግን አስተማራት።

እግሯ ስርጉዱን አገኘው። ልስልስና ጠንካራ፣ ግራና ቀኙ ሣር። የእናቷ ቦት ጫማ ልክ ገባበት። ሰውነቷ ዘና አለ፤ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ዘና ብላ አታውቅም። ክሌም አሁንም ከወደ ግራ ይጣራል። ከወደ ግራ? ከኋላዋ መሆን ነበረበት። ተሳስቶ ከመንገዱ ወጥቷል አለች በልቧ፤ የበግ ሰው በጉም ምን ያውቃል። ፈጠን ፈጠን አለች። ስርጉዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እሷም እንደ ልጅነቷ ዓይኗን ልትጨፍን ምንም አልቀራት።

አንድ የባሕር ወፍ ጮኸች።

ከላይዋ አልነበረም። ከጎኗም አልነበረም። ከእግሯ ሥር፣ ከታች፣ ከጥልቁ ነው።

ሮዌና ክው አለች። አንድ እግሯ በአየር ላይ ነበር። መልሳ ለማስቀመጥ የወሰደባት ጊዜ ዕድሜዋን ሁሉ ያህል ረዘመባት። ካስቀመጠችው በኋላ በአራት እግሯ ተደፋች፣ ከዚያ በሆዷ ተኛች። እጇን ወደ ፊት ሰደደች። ስርጉዱ መዳፏ ሥር አለ፤ የሰው እግር ያለሰለሰው ነጭ የጠመኔ ድንጋይ፣ በውስጡ የተቀበረ ባልጩት። ትንሽ ወደ ፊት ተሳበች። አሁንም አለ። ትንሽ ጨመረች። ከዚያ የለም። እንደ ዳቦ ተቆርጧል። ጣቶቿ ወደ ታች ታጠፉና ቀዝቃዛ ነፋስ ነካቸው።

«ሮዊ! በእግዚአብሔር ስም የት ነሽ!»

«አትምጣ!» አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «ክሌም፣ መንገዱ... መንገዱ ወደ አየር ነው የሚሄደው።»

ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ባሻገር፣ ከባዶው ማዶ፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ወደሚወጣበት ዘወር ያለ ቦታ ላይ፣ ያው ስርጉድ እንደገና ጀምሮ ሲሄድ ታየ። መሐሉ ብቻ የለም። መሐሉን ባሕር በልቶታል።

በሆዷ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ክሌም ጫማዋን ይዞ ጎተታትና ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የእሱም ፊት ጠመኔ መስሏል።

«መቼ ነው የተናደው?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«በብርዱ ወራት። ዶሪን አልጋ ላይ ሳለች። አንድ ሌሊት ሙሉ ኮረብታው አጉረመረመ፣ ጠዋት ስንወጣ ይህን ያህል የለም።»

«ችካሎቹን ማን አዛወራቸው?»

«እኔና የመንደሩ ልጆች። ሲረል ሆስፒታል ነበር፣ ከእሷ ጋር።» ክሌም ወደ ግራ አመለከተ። አዲሱ መንገድ ትንሽ ከኋላቸው ተለይቶ በሜዳው ውስጥ ይዞራል፤ ሣሩ ገና አልተረገጠም፣ ለእግር ምንም አይናገርም።

«ለአባቴ ማን ነገረው?»

ክሌም ያመለከተበትን እጁን አወረደ። ጉሙ እንደገና ወፈረባቸው።

«ክሌም፣ መንገዱ እንደ ተለወጠ ለአባቴ ማን ነገረው?»

«ለሲረል?» አለ። ቃሉ እየወጣ ሳለ ምን እንደ ሆነ የገባው መሰለ። «ለሲረል መንገድ ማን ይነግራል? ሮዊ... ለሁላችንም የሚነግረን እሱ ነው። የሚያውቅ መስሎን። እኔ ልጆቹ ነግረውታል ብዬ፣ ልጆቹ እኔ። ደግሞስ ዶሪን ሞታ፣ ስለ ችካል ላወራው ነው? ከእሷ ወዲህ እስከዚች ኮረብታ ደርሶ አያውቅም ነበር።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ከዚሁ ሥር ነው ያገኘነው። ከዚሁ ትክክል። ጫማው ላይ ጠመኔ ነበር፣ ሣር አልነበረም። አይቼዋለሁ፣ ምንም አልመጣልኝም።»

«ሰኞ ጉም ነበር?»

«ከቀትር በኋላ። እንዲህ ነበር።»

ሮዌና ያኔ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ ያላነባችውን ሁሉ አነባች፤ ቤት ውስጥ ሰው እንዳይጨነቅ በትሪና በሳህን ስታፍነው የከረመችውን። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ እየሄደ ነበር። ቤቱ ነበር። ከእሷ የሸሸ፣ ሕይወትን የጠላ፣ ማንንም የተሰናበተ አልነበረም፤ ማታ ውሻውን ሊወስድ ነበር። ደስታ የሚመስል ነገር ደረቷ ውስጥ ገባ፤ ወዲያውም አንጀቷን በላው። ያች አንዲት እርምጃ። እግሩን አምኖ ያሳረፋት።

«ነገ እኔ ራሴ መጥቼ ለሰውየው እናገራለሁ» አለ ክሌም። «ስለ ውሻውም፣ ስለ ችካሉም። ማንም ሳይጠይቀኝ። ጥፋቱ የኛ ነው።»

«ትናገራለህ» አለች። አያስፈልግም አላለችውም፣ አይዞህም አላለችውም። ያን ያህል ገና አልቻለችም።

ተነሥታ ሁለቱ መንገዶች ወደሚለያዩበት ተመለሰች። አዲሱ ችካል ወደ ግራ ያሳያል፤ በጉም ግን ማን ችካል ያያል? አሮጌው ስርጉድ እንደ ወትሮው እግርን ይጠራል። ጎንበስ አለችና ከሣሩ ዳር አንድ ትልቅ የጠመኔ ድንጋይ ፈንቅላ አወጣች። ስርጉዱ ላይ፣ ልክ አፉ ላይ፣ አስቀመጠችው። ተወዛወዘ። አዙራ አስተካከለችውና በመዳፏ ጫን አለችው። ሌላ ፈለገች።

ክሌም ምንም ሳይናገር ማቀበል ጀመረ። ባልጩቱ እጇን ቆረጣት፤ አላየችውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲነባበር ነጭ ግንብ ሆነ፤ መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት። ጉሙ መነሣት ጀምሮ ከታች ባሕሩ ብልጭ ይል ነበር፣ እሷ ግን ቀና አላለችም።

«ይበቃል ሮዊ» አለ ክሌም ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ዓይነ ስውርም አያልፈውም።»

ሮዌና ግንቡ ፊት እንደ ተንበረከከች፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ የቆሰለ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«አንድ ጨምርልኝ» አለች።